ሰርቨሩን የት እናስቀምጥ? ጅማ፣ አዲስ አበባ ወይስ ባሕር ማዶ

ጅማ ውስጥ ሲስተም የሚያስገባ ድርጅት እየበዛ ነው። ክሊኒኩ የታካሚ ካርድ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እያዞረ ነው። ኮሌጁ ተማሪው በስልኩ እንዲመዘገብ ይፈልጋል። ቡና ላኪው አጋሮና ጌራ ላይ የተመዘነውን ቡና ቢሮው ቁጭ ብሎ ማየት አምሮታል። ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ ሞልቷል፤ በዋጋም ይግባባሉ። "ሰርቨሩ (ሲስተሙንና መዝገቡን ይዞ ለሁሉም የሚያቀርበው ኮምፒውተር) የት ይቀመጥ?" ሲባል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል።

በዚህ ጊዜ መልስ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ሻጩ ነው። ሻጭ ደግሞ የሚያቀርበው በእጁ ያለውን ነው። ኮምፒውተር የሚሸጠው "ቢሮ ውስጥ አስቀምጡት" ይላል። ሆስቲንግ የሚያከራየው "ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ይሻላችኋል" ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ግን ዳታው ከደንበኛው ስልክ ተነስቶ ሰርቨሩ ጋ እስኪደርስ በየት በየት እንደሚያልፍ የነገራችሁ የለም። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይኼ ነው። በካርታ ቅርብ የሆነ ሁሉ በኔትወርክ ቅርብ አይደለም። ርቀቱን የሚወስነው ሰርቨራችሁ ያለበት ኔትወርክና የደንበኛችሁ ስልክ ያለበት ኔትወርክ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

## ኔትወርኮች የት ይገናኛሉ?

ኢንተርኔት አንድ ባለቤት የለውም። ከ70 ሺህ በላይ ኔትወርኮች ተያይዘው የፈጠሩት ነገር ነው። እያንዳንዱ መለያ ቁጥር አለው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ለምሳሌ 24757 ነው። እነዚህ ኔትወርኮች ዳታ የሚለዋወጡት በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ትራንዚት ይባላል። ትንሹ ለትልቁ ይከፍልና "የደንበኞቼን ዳታ ወደ መላው ዓለም አድርስልኝ" ይለዋል። ሁለተኛው ፒሪንግ ነው። ሁለቱ በቀጥታ ይያያዙና አንዱ የሌላውን ደንበኞች ዳታ ይቀበላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ። ፓኬት ክሊሪንግ ሃውስ የተባለው ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ የፒሪንግ ስምምነቶችን አጥንቶ ነበር። ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ በላይ የሚሆኑት የተጻፈ ውል አልነበራቸውም፤ በቃል የቆሙ ናቸው።

ብዙ ኔትወርኮች አንድ ቦታ ተሰብስበው የሚገናኙበት ክፍል ኤክስቼንጅ ፖይንት ይባላል። የለንደኑ በ1994፣ የፍራንክፈርቱ በ1995 እ.ኤ.አ. ተቋቋሙ። ሁለት ኔትወርኮች በአገር ውስጥ ካልተገናኙ፣ ዳታው ሁለቱንም የሚያገናኝ ትልቅ ኔትወርክ እስኪገኝ ድረስ ይጓዛል። ያ ኔትወርክ ያለው አውሮፓ ሊሆን ይችላል። ከጅማ አጋሮ ለመሄድ መጀመሪያ አዲስ አበባ ደርሶ እንደመመለስ ነው።

ኬንያ ይህን ጣጣ በደንብ ታውቀዋለች። እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ናይሮቢ ውስጥ ካለ አንድ ቢሮ የሌላ ድርጅት ኢንተርኔት ወደሚጠቀም ጎረቤቱ የተላከ ኢሜይል በሳተላይት ባሕር ማዶ ሄዶ ነበር የሚመለሰው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢንተርኔት ሰጪዎቹ ናይሮቢ ላይ የራሳቸውን መገናኛ ከፈቱ። የዓለም አቀፉን መስመር በብቸኝነት ይሸጥ የነበረው ኩባንያ አቤቱታ አቀረበ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም መገናኛውን ብዙም ሳይቆይ አዘጋው። እንደገና የተከፈተው በ2002 ነው። ኢንተርኔት ሶሳይቲ የተባለው ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ቀድሞ ከ200 እስከ 600 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺህኛ) ይፈጅ የነበረው ምልልስ፣ ማለትም የዳታው ደርሶ መልስ፣ ከ2 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ወርዷል። በ2020 ባወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ከኬንያ ትራፊክ (በኢንተርኔት ከሚመላለሰው ዳታ) 70 በመቶ ያህሉ አገር ውስጥ የሚገኝ ሆኗል፤ በ2012 ግን 30 በመቶ ያህል ነበር። ኬብሉ ወይም ስልኩ ብቻውን ይህን አላመጣም። ትልቁን ለውጥ ያመጣው የመገናኛው ቦታ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃድ ያገኘው በ2013 ዓ.ም. ነው። አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው በ2015 መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም ሰው ያው አንድ ኔትወርክ ላይ ስለነበር ጥያቄው አይነሳም ነበር። ዛሬ ደንበኛችሁ የየትኛውን ሲም እንደያዘ አታውቁም። ብዙ ሰው ሁለቱንም ይዞ እንደ ፓኬጁ ዋጋ ያቀያይራል። ከአንዱ ሲም ወደ ሌላው መደወል መቻሉ ደግሞ ዳታውም አጭሩን መንገድ ይሄዳል ማለት አይደለም። የድምፅ ጥሪ መገናኛና የኢንተርኔት መገናኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

## በምን እንመዝናቸው?

የምልልስ ጊዜ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር ለደርሶ መልስ 1 ሚሊሰከንድ ይጨመራል። ጅማና አዲስ አበባ በመንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ 3.5 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ቢኬድ እንኳ ከአዲስ አበባ ከ5,300 ኪሎ ሜትር አያንስም፤ ከ53 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። ኬብል ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ባሕር ይዞራል፣ ወደብ ለወደብ ይሄዳል። እና አንድ ገጽ ለመክፈት የሚያስፈልገው አንድ ምልልስ ብቻ አይደለም። ስልኩ የሰርቨሩን አድራሻ ይጠይቃል፣ ግንኙነት ይከፍታል፣ የምስጢር ቁልፍ ይለዋወጣል፣ ከዚያ ነው ገጹን የሚጠይቀው። አራት ምልልስ ብንል፣ በ150 ሚሊሰከንድ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ባዶ ስክሪን ነው። በ15 ሚሊሰከንድ ዓይን አያስተውለውም።

ከሁለቱም ሲም ያለው ልዩነት። ከአንዱ ኔትወርክ ፈጣን፣ ከሌላው ቀርፋፋ የሆነ ሲስተም ግማሽ ደንበኛችሁን ያማርራል።

መስመር ሲቆረጥ የሚተርፈው። "ሲስተም የለም" ተብሎ ሰው ወረፋ ላይ የሚቆምበትን ቀን አስቡ። ያን ቀን የትኛው ሥራ ይቀጥላል?

ክፍያው በምን ገንዘብ ነው? ብርም ዶላርም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ማን ይጠብቀዋል? መብራት፣ ሙቀት፣ አቧራ፣ ሌሊት ተነስቶ የሚያስነሳው ሰው።

ሕጉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር ለማስተላለፍ ቅድመ ሁኔታዎች አስቀምጧል። የታካሚ፣ የተማሪ ወይም የሠራተኛ መዝገብ የምትይዙ ከሆነ አዋጁን የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ ሳታማክሩ ውጭ አትጫኑ።

## አማራጭ አንድ፦ ጅማ፣ ቢሮ ውስጥ

ብዙ ሰው "ከዚህ የቀረበ የለም" ብሎ የሚያስበው ይህንን ነው። በከፊል እውነት ነው። ሰርቨሩና ኮምፒውተሮቹ አንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ኬብል ከተያያዙ ምልልሱ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው። የውጭው ኢንተርኔት ጨርሶ ቢጠፋም ካርድ ክፍሏ ያለችው ልጅ የታካሚውን ስም ጽፋ መዝገቡን ታወጣለች። ዶክተሩ ውጤቱን ያያል። ፋርማሲው መድኃኒቱን ይሰጣል። ለክሊኒክ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ከግቢው ውጭ ስትሆኑ ይጀምራል። ፈረንጅ አራዳ ያለ ሰው በሞባይል ዳታ ሄርማታ ያለውን ሰርቨራችሁን ሲከፍት፣ ዳታው ከተማዋን አቋርጦ በቀጥታ የሚሄድ ይመስለናል። አይደለም። የሞባይል ዳታ መጀመሪያ ወደ ኦፕሬተሩ ዋና ማዕከል ይሄዳል፤ ማዕከሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በትልልቅ ከተሞች ነው። ከዚያ ሆኖ ነው ወደ እናንተ ቢሮ መስመር የሚመለሰው። ሰውየው የሌላኛው ኩባንያ ሲም ከያዘ ደግሞ በመካከል ሁለቱ ኔትወርኮች የሚገናኙበት ቦታ አለ። ስለዚህ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ላለ ደንበኛ ጅማ ያለው ሰርቨር አዲስ አበባ ካለው ሊርቅ ይችላል። ይህን ስነግራቸው የሚገርማቸው ብዙ ናቸው፤ ግን በልኬት የሚታይ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አድራሻ ነው። ሰርቨሩ ከውጭ እንዲገኝ የማይቀያየር የራሱ አይፒ አድራሻ (በኢንተርኔት ላይ የሚገኝበት መለያ ቁጥር) ያስፈልገዋል። ተራ የቤት ወይም የሞባይል ኢንተርኔት ይህን አይሰጥም፤ ብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ ይጋራሉ። ለብቻው መጠየቅና መክፈል አለባችሁ። ከገዛችሁት ፍጥነት ውስጥ ወደ ውጭ የሚልከው ስንት እንደሆነም ጠይቁ። ሰርቨር የሚኖረው በመላክ ነው፤ ሰው ግን ሲገዛ የሚያየው የማውረጃውን ቁጥር ብቻ ነው።

ሦስተኛው መብራት ነው። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ቅርባችን ቢሆንም መብራት ይሄዳል። ክረምት ላይ ነጎድጓድ አለ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ) ብቻውን ለግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ኢንቨርተር ከባትሪ ጋር፣ ጥሩ የምድር ሽቦና የመብረቅ መከላከያ ከሌላችሁ ሰርቨሩን ቢሮ አታስቀምጡ። የሰርቨሩ ዋጋ ላይ የእነዚህን ካልደመራችሁ ያነጻጸራችሁት ዋጋ ትክክል አይደለም።

## አማራጭ ሁለት፦ አዲስ አበባ፣ ዳታ ሴንተር

ዳታ ሴንተር ብዙ ሰርቨሮች አብረው የሚቀመጡበት የተዘጋጀ ሕንፃ ነው። ይህ አማራጭ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የራሳችሁን ሰርቨር ወስዳችሁ በኪራይ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው የተዘጋጀ ቨርቿል ሰርቨር (ከአንድ ትልቅ ሰርቨር የተከፈለ ድርሻ) መከራየት ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ የዚህ ዓይነት ነው። አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ራክሲዮና ዊንጉን የመሳሰሉ የግል ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል። ስማቸውን ያነሳሁት ማን እንዳለ እንድታውቁ ነው፤ ምርጫው የሚወሰነው በጥያቄዎቹ ነው።

ከጅማ ሲታይ የዚህ አማራጭ ጥንካሬ ቦታው ነው። የጅማ ዳታ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባን ስለሚያልፍ፣ ሰርቨሩ እዚያ ከሆነ መንገዱ እዚያው ያበቃል። ጄኔሬተሩ፣ ማቀዝቀዣው፣ ጥበቃው የእነሱ ሥራ ነው። በብር ይከፈላል። መረጃው አገር ውስጥ ነው።

ግን "አዲስ አበባ ነው" ማለት በቂ አይደለም። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ሻጩን ጠይቁት። ሕንፃው ውስጥ የማን የማን ፋይበር ገብቷል? የእኔ ሰርቨር በየትኛው ኔትወርክ አድራሻ ነው የሚወጣው? የሌላው ኩባንያ ደንበኛ ሲመጣ ዳታው የሚገናኘው የት ነው፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ ወይስ ውጭ? የአገር ውስጥ ትራፊክና የዓለም አቀፍ ትራፊክ ዋጋቸው ይለያያል? አንደኛው ፋይበር ቢቆረጥ በሌላው ኩባንያ መስመር ይቀጥላል? ሻጩ ለእነዚህ ወዲያው መልስ ካለው ጥሩ ምልክት ነው። "አይዟችሁ፣ ፈጣን ነው" ብቻ ካላችሁ የሚመልስላችሁ ቴክኒሽያን ይጥራላችሁ።

ዳታ ሴንተሩ የአንድ ኩባንያ ብቻ ከሆነ የዚያ ኩባንያ ደንበኞች በጣም ይፈጥንላቸዋል። የሌላው ደንበኞች ግን በመገናኛው ላይ ይወሰናሉ። ሁለቱም ፋይበር የገባበት ገለልተኛ ሕንፃ ይህን ችግር የመፍታት ዕድል ይሰጣል። ዕድል ነው ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አንድ ሕንፃ ውስጥ መግባትና እርስ በርስ ዳታ መለዋወጥ ይለያያሉ።

ድካሙ አንድ ነው፦ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ያለው መስመር የተቋረጠ ቀን ቢሯችሁ ባዶ ይቀራል። መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ይበጠሳል። ለዚህ መፍትሔው ሁለተኛ መስመር ነው። ዋናው ቋሚ ብሮድባንድ ከሆነ መጠባበቂያው የሌላኛው ኩባንያ የሞባይል ራውተር ይሁን። የአንድ ኩባንያ ሁለት መስመር ብዙ ጊዜ አንድ ፋይበር ላይ ነው የሚሄደው፤ አብረው ይወድቃሉ።

## አማራጭ ሦስት፦ ውጭ አገር

ርካሹ መግቢያ ይህ ነው። ትንሽ ቨርቿል ሰርቨር በወር ከ5 እስከ 10 ዶላር ይገኛል። በአምስት ደቂቃ ይነሳል፤ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) በአንድ ክሊክ ነው። የጅማ ልጆች ሲስተም ሠርተው ሲያሳዩ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው የሚያስቀምጡት።

ሁለት ነገር ግን ይቀረዋል። የመጀመሪያው ብሩ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ኪራዩ አልተለወጠም፤ በብር ግን በእጥፍ ሊጠጋ ደረሰ። የሚከፍልበትን ካርድ የሚያገኘው ሰውም ጥቂት ነው። ድርጅቶች በዘመድ ካርድ ወይም በሠሪው ልጅ ስም ይከፍላሉ። ልጁ ሥራ ሲቀይር ወይም ካርዱ ሲያልፍበት ሲስተሙ ይዘጋል።

ሁለተኛው ባሕሩ ነው። ኢትዮጵያ ወደብ ስለሌላት ዓለም አቀፍ ትራፊኳ እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው ኬብል ላይ የሚደርሰው። ከጅቡቲ ወደ አውሮፓ የሚሄደው በቀይ ባሕር ነው። በየካቲት 2016 ቀይ ባሕር ላይ ሲኮም፣ ኤኤኢ-1 እና ኢአይጂ የተባሉ ኬብሎች ተጎዱ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደግሞ በደቡብ በኩል ኢሲ እና ሲኮም ተቆርጠው የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት ተዳከመ። በጳጉሜን 2017 ጂዳ አቅራቢያ ሌላ መቆረጥ ነበር። ኬብል መቆረጡ በራሱ አያስደንግጥም፤ ዳታው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ግን መንገዱ ይረዝማል፣ የቀረውም ይጨናነቃል።

"እሺ፣ አውሮፓን ትተን ደቡብ አፍሪካ ብንከራይስ?" የሚል አለ። አማዞን በ2020 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን፣ ማይክሮሶፍት በ2019 ጆሃንስበርግ፣ ጉግልም በ2024 ጆሃንስበርግ ላይ ክላውድ ከፍተዋል። አህጉሩ አንድ ስለሆነ ቅርብ ይመስላል። ካርታ ላይ ለኩት፦ ከአዲስ አበባ ኬፕታውን ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከፍራንክፈርት ጋር ሊወዳደር ምንም አይቀረው። የእኛ አገልግሎት ሰጪ ከደቡብ አፍሪካ ኔትወርኮች ጋር የሚገናኘው አውሮፓ ላይ ከሆነ ደግሞ ዳታው ወደ ሰሜን ወጥቶ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሳትለኩ አትግቡበት።

## አማራጭ አራት፦ መሸጎጫ መጨመር

ዩቲዩብ ደህና እየሠራ የእናንተ ገጽ ለምን ይንቀራፈፋል? ጉግልና ሜታን የመሳሰሉ ኩባንያዎች በዓለም ዙሪያ በኢንተርኔት ሰጪዎች ጓዳ ውስጥ የራሳቸውን መሸጎጫ ሰርቨር፣ ማለትም ብዙ ሰው የሚፈልገውን ቅጂ የሚይዝ ሰርቨር፣ ያስቀምጣሉ። ቪዲዮው ከቅርብ ነው የሚመጣው። ስለዚህ "ኢንተርኔታችን ጥሩ ነው፣ ዩቲዩብ አይቆራረጥም" የሚለው ለምርጫችሁ መለኪያ አይሆንም።

ለትንሹም ድርጅት ተመሳሳይ ነገር አለ። ሲዲኤን ይባላል፤ እንደ ክላውድፍሌር ያሉት ነጻ ጥቅልም አላቸው። ፎቶ፣ የዋጋ ዝርዝርና ማስታወቂያ የመሳሰለውን ገጽ ለተጠቃሚው በሚቀርብ ከተማ ያስቀምጡታል። ለሆቴል፣ ለቡና ላኪ ድረ ገጽ፣ ለኮሌጅ ማስታወቂያ ሰሌዳ በጣም ይጠቅማል። በይለፍ ቃል ገብቶ መዝገብ ለሚያወጣ ሰው ግን እምብዛም አይረዳም፤ ያ ጥያቄ ሁልጊዜ ዋናው ሰርቨር ድረስ መሄድ አለበት። እና የትኛው ከተማ ያለው መሸጎጫ እንደሚደርሳችሁ የሚወስነው ያው መገናኛው ነው። ናይሮቢ ላይ መሸጎጫ እያለ የእናንተ መስመር ማርሴይ ሊወስዳችሁ ይችላል።

## ከመፈረማችሁ በፊት ለኩ

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። አንድ ላፕቶፕና ሁለት ሲም ይበቃል። ሻጩን የሙከራ ሰርቨር አድራሻ ጠይቁት። ላፕቶፑን በአንዱ ሲም ሆትስፖት አገናኙና ፒንግ (የምልልስ ጊዜውን የሚለካ ትእዛዝ) አድርጉ። ቀጥሎ ትሬስራውት አስኪዱ። ከዚያ ሲሙን ቀይራችሁ ድገሙት። ጠዋት 3 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን በሚከፍትበት ማታ 2 ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ። አንድ ሳምንት ብትደጋግሙት ይመረጣል።

ትሬስራውት ዳታው ያለፈበትን እያንዳንዱን ጣቢያ በመስመር በመስመር ይዘረዝራል፤ በጎኑ ሚሊሰከንዱን ይጽፋል። ማየት ያለባችሁ ዝላዩን ነው። ለምሳሌ ሦስተኛው መስመር 20፣ አራተኛው 22፣ አምስተኛው 140፣ ስድስተኛውም ከዚያ በኋላ ያሉትም 140 አካባቢ ቢሉ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ዳታው ባሕር ተሻግሯል። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ነው ተብላችሁ ይህን ካያችሁ፣ ወይ ሰርቨሩ እዚያ አይደለም ወይ ሁለቱ ኔትወርኮች የተገናኙት ውጭ ነው። አንድ መስመር ብቻ ከፍ ብሎ ቀጣዮቹ ዝቅ ካሉ ግን አትጨነቁ፤ ያ ጣቢያ ለመልስ የዘገየ ብቻ ነው። ኮከብ ምልክት ካያችሁም ጣቢያው መልስ አልሰጠም ማለት ነው፤ ተቋረጠ ማለት አይደለም።

የጣቢያዎቹ ስም ውስጥም ፍንጭ አለ። ብዙ ኩባንያዎች የአውሮፕላን ማረፊያ መለያ ፊደል ይጠቀማሉ። ኤፍ አር ኤ ፍራንክፈርት፣ ኤም አር ኤስ ማርሴይ፣ ኤን ቢ ኦ ናይሮቢ ነው። ውጤቱን ፎቶ አንስታችሁ ያዙት፤ ከሻጩ ጋር ስትነጋገሩ ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል።

## በአንድ ገጽ ሲታይ

| መመዘኛ | ጅማ ቢሮ | አዲስ አበባ ዳታ ሴንተር | ውጭ አገር | ውጭ አገር ከመሸጎጫ ጋር |
|---|---|---|---|---|
| ግቢ ውስጥ ላለ ተጠቃሚ | እጅግ ፈጣን | ፈጣን | ቀርፋፋ | ለገጽ ፈጣን፣ ለመዝገብ ቀርፋፋ |
| በሞባይል ዳታ ለሚመጣ | መካከለኛ | ፈጣን | ቀርፋፋ | ለገጽ ደህና |
| የሁለቱ ሲም ልዩነት | በመገናኛው ይወሰናል | በሕንፃው ፋይበር ይወሰናል | ልዩነቱ ያንሳል | በመሸጎጫው ከተማ ይወሰናል |
| የጅማ መስመር ሲቋረጥ | ግቢ ውስጥ ይሠራል | ቢሮው አያገኘውም | ቢሮው አያገኘውም | ቢሮው አያገኘውም |
| የባሕር ኬብል ሲቆረጥ | አገር ውስጥ ይሠራል* | አገር ውስጥ ይሠራል* | ይዘገያል | በከፊል ይሠራል |
| ክፍያ | በብር፣ መነሻው ከባድ | በብር፣ በየወሩ | በዶላር፣ መነሻው ቀላል | በዶላር፣ መሸጎጫው በነጻም ይጀመራል |
| መብራትና ጥበቃ | በእናንተ ላይ | በእነሱ ላይ | በእነሱ ላይ | በእነሱ ላይ |
| የግል መረጃ | አገር ውስጥ | አገር ውስጥ | ሕግ ይማከር | ሕግ ይማከር |

*ኮከቡ ያለበት፦ ኔትወርኮቹ አገር ውስጥ የሚገናኙ ከሆነ ብቻ ነው።

## ለማን የቱ?

ለክሊኒክና ለፋርማሲ፦ ጅማ ቢሮ ውስጥ፣ በየሌሊቱ የተመሰጠረ ቅጂ አዲስ አበባ የሚልክ። ታካሚ ፊት "ሲስተም የለም" ማለት የለባችሁም፤ ግቢ ውስጥ ያለው ሰርቨር ይህን ይከላከላል። ለኢንቨርተርና ለምድር ሽቦ የሚሆን በጀት ከሌለ ግን አዲስ አበባ ይሁንና ሁለት መስመር አስገቡ።

ለኮሌጅ፦ አዲስ አበባ። ተማሪው የሚመዘገበው ከቤቱ፣ ከገጠር፣ በየትኛውም ሲም ነው። የምዝገባ ቀን በአንዴ የሚመጣውን ሰው የቢሮ መስመር አይችለውም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍል ከሆናችሁ መጀመሪያ ኢተርኔት (EthERNet) የተባለውን ጠይቁ። የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን የሚያያይዝ ኔትወርክ ነው፤ ኡቡንቱኔት በተባለው የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የምርምር ኔትወርኮች ኅብረት ውስጥም አባል ነው።

ለቡና ላኪ፦ ሁለት ቦታ ክፈሉት። ገዢው ያለው አውሮፓ ወይም እስያ ነው፤ ለእሱ የሚታየው ድረ ገጽ ውጭ ይሁን፣ መሸጎጫ ይጨመርበት። የሚዛንና የክፍያ መዝገቡ አዲስ አበባ ይሁን። አጋሮ ያለው መዛኝ ኔትወርክ ሲጠፋበት ስልኩ ላይ መዝግቦ በኋላ የሚልክ አፕ እንዲሠራላችሁ ከፕሮግራመሩ ጋር በውል ተስማሙ። የትኛውም የሰርቨር ምርጫ ይህን አይተካም።

ለሱቅና ለእንግዳ ማረፊያ፦ ሰርቨር አትግዙ። ርካሽ ሆስቲንግ ከነጻ መሸጎጫ ጋር ይበቃችኋል።

ሲስተም እየሠራችሁ ለምትሸጡ ልጆች፦ ለማሳያ ውጭ ተጠቀሙ። ለደንበኛ ስታስረክቡ ግን ከላይ ያለውን ልኬት አብራችሁ አስረክቡ። ደንበኛው ጅማ ውስጥ ከሁለቱም ሲም ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚያገኝ በወረቀት ይየው።

የትኛውንም ብትመርጡ ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይግባ። የዶሜይን ስሙ በድርጅቱ ስም ይመዝገብ። ስትለቁ ዳታችሁን በሙሉ የምትወስዱበት ቅርጸትና የጊዜ ገደብ ይጻፍ። የምልልስ ጊዜው ደግሞ ከሁለቱም ኔትወርክ፣ ከጅማ ተለክቶ፣ በቁጥር ይቀመጥ፤ ከዚያ በላይ ሆኖ ከቆየ ያለ ቅጣት መውጣት እንድትችሉ።